ከሞቱ በኋላ ሰባት ዓመት የኖሩት ፊታውራሪ፦ የዊኪፔዲያ ታሪክ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ማታ ብርድ ነው፣ መብራት ካለ ደግሞ ሥራዬ የወሎ የጦር ሰዎችን የዊኪፔዲያ ገጽ ማረም ነው። ትልልቆቹን አይደለም፤ እነሱ ጠባቂ አያጡም። የኔዎቹ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ግማሽ አንቀጽ ብቻ የደረሳቸው ፊታውራሪዎችና ቀኛዝማቾች ናቸው። ምንጭ ጥቀሱ፣ ገልብጣችሁ አትለጥፉ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

ምልክት፦ ሰውዬው ከሞቱበት ጦርነት በኋላም በሕይወት አሉ

ያሰለቸኝ ይሄ ነው። አዲስ ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገውም ይሄንኑ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንድ ፊታውራሪ ገጽ ላይ ደረስኩ። «በ1923 እ.ኤ.አ. አረፉ» ይላል። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ «በርስታቸው ላይ በጸጥታ ኖሩ» የሚልም አለበት። እዚሁ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ለአንድ የቤተሰቡ ሽማግሌ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ከሰገሌ መች ተመለሱና?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ የለውጥ ታሪኩን ከታች ወደ ላይ አየሁት። የመጀመሪያው ሰው ከፈረንጅ መጽሐፍ ወስዶ «1916» ብሎ ጽፏል፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ግን ዝም። ሁለተኛው መጣና «ዓ.ም.» ለጠፈበት። ሦስተኛው ጎበዝ ነኝ ብሎ 7 ደምሮ 1923 እ.ኤ.አ. አደረገው። አራተኛው የሰባት ዓመት ክፍተት አየና ክፍተቱን የሚሞላ ጸጥ ያለ ኑሮ ፈጠረላቸው። ሦስቱ ተሳስተዋል፣ አራተኛው ግን ዋሽቷል። ሰገሌ የተዋጉት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 27 ቀን 1916። በቃ፣ 1916 መጀመሪያውኑ የፈረንጅ ነበር።

መፍትሄ፦ እያንዳንዱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ ምልክቱንም አትርሱ። ራቁቱን የቆመ ዓመት ካያችሁ ከመንካታችሁ በፊት ቀኑ በደንብ የሚታወቅ ጦርነት አጠገቡ ፈልጉ። የሰውዬው ታሪክ ከአድዋ፣ ከሰገሌ ወይም ከማይጨው ጋር ካልገጠመ ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።

ማስጠንቀቂያ፦ በጭፍን 8 አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። የጉንደትንና የጉራዕን ጦርነቶች ተመልከቱ። ጉንደት ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 1875። ጉራዕም እዚያው 1868 ውስጥ ነው፣ በፈረንጅ ግን ማርች 1876። ሁለቱም ላይ የተዋጋን ሰው ገጽ በጭፍን 8 እየደመሩ ሁለቱንም 1876 ያደረጉ አጋጥመውኛል። ወሩ የማይታወቅ ከሆነ በፈረንጁ በኩል ሁለቱንም ዓመት አስቀምጡ፤ 1908 ዓ.ም. ካላችሁ 1915/16 ብላችሁ ተዉት። አትገምቱ!

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉት ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል አንድ ቀን ጨምሯል። ይሄን ሳያውቅ «አረምኩ» ብሎ 1ን ወደ 2 የሚቀይር በየዓመቱ የካቲት ላይ አይጠፋም። አድዋ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ የሞተበት ቀን አብሮ ይበላሻል።

ከመቃብር ድንጋይ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ቀስ በሉ። በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸ፣ ዝናብ የበላው ድንጋይ ላይ ፮ እና ፯ አንድ ይመስላሉ። እኔ ራሴ አንዴ ተሳስቼ አንድ ባላምባራስን ያለ ዕድሜያቸው ቀብሬያለሁ። አሁን ወደ ማታ እሄዳለሁ፣ የስልኬን መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ ጥላው ቁጥሩን ያወጣዋል። ፊት ለፊት አታብሩበት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። በኖራም አትቀቡት፣ እባካችሁ።

ምልክት፦ ማዕረጉ ከዘመኑ ጋር አይሄድም

«ንጉሥ ሚካኤል አድዋ ዘመቱ።» አድዋ ላይ ራስ ነበሩ። የነገሡት በ1906 ዓ.ም. ነው፣ እዚሁ ደሴ። ሰውን በዚያን ጊዜ በነበረው ማዕረግ ጥሩት፣ የኋላውን ለኋላ ተዉት። ደግሞ ፊታውራሪ ሁሉ ከደጃዝማች በታች ነው ብላችሁ ሰው አታሳንሱ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ፊታውራሪ እንደተባሉ የጦር ሚኒስትር ነበሩ።

ምልክት፦ አንድ ሰው በአንድ ወር ሁለት ቦታ ተዋግቷል

ሁለት ሰዎች ተጣብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፈረስ ስም ነው፤ «አባ እንትና» የሚባል ፈረስ ያለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በአባት ስምና በአገር ለዩዋቸው። ካልተለዩ ገጹን ለሁለት ክፈሉት፣ ምክንያቱንም ውይይት ገጹ ላይ ጻፉ።

ገጹ ፍለጋ ላይ አልወጣ ካለ ኃይሉን በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ ጸን በፀ ሞክሩ። ፎቶው የሌላ ሰው ከሆነ አንሱት፤ ያለ ፎቶ ይሻላል።

ምልክት፦ ሦስት ምንጭ አለው፣ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት

ሦስቱም ከዚሁ ገጽ የቀዱ ናቸው። ቀናቸውን ከለውጥ ታሪኩ ጋር አስተያዩ፤ ገጹ ቀድሞ ከሆነ ሦስቱንም ሰርዙ።

የልጅ ልጆች ገብተው «ብቻቸውን መቶ ሰው ጣሉ» ብለው ከጻፉ አትሳደቡ። ደውሉላቸው፣ ቤታቸው ያለውን የድሮ ወረቀት ፎቶ እንዲያነሱ ለምኗቸው። የኔው ፊታውራሪ የሞቱበት ቀን በመጨረሻ የተገኘው እንደዚያ ነው፤ የተዝካር ወጪ የተመዘገበበት ብጣሽ ላይ፣ ከቅቤውና ከጌሾው በላይ። ወረቀቱ በመጽሐፍ ስላልታተመ ለዊኪፔዲያ ምንጭ አይሆንም። ግን የትኛው የታተመ መጽሐፍ ልክ እንደሆነ ነገረኝ፣ 1923ንም አወጣሁት።