የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የእሳት አደጋ ዕቅድ፦ ለአዳማ መጦሪያ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ለአረጋውያን መጦሪያ ቤት የእሳት አደጋ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በግቢው ሁለት ተንከባካቢዎችና አንድ ዘበኛ ብቻ ባሉበት ጭስ ቢነሳ፣ ራሳቸውን ችለው ከአልጋ መውረድ የማይችሉት አረጋውያን በማን እጅ፣ በየትኛው በር፣ ወዴት ይወጣሉ? ቀን ቀን ሥራ አስኪያጁም፣ ነርሷም፣ ጠያቂ ዘመድም ስለሚኖር ማንኛውም ዕቅድ የሚሠራ ይመስላል። ዕቅዱ መለካት ያለበት ግን የሰው ኃይል በሚያንስበት ሰዓት ነው። ግቢው ከመኖሪያ ቤትነት ወደ መጦሪያነት የተለወጠ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ ኮሪደሩ ጠባብ፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ መውጫውም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ሥራው የሚጀምረው አረጋውያኑን አንድ በአንድ በማወቅ ነው። ማን ብቻውን ይራመዳል፣ ማን ክንዱን የሚይዘው ሰው ይፈልጋል፣ ማንስ ተሸካሚ ካልመጣለት አይነሳም የሚለው በስምና በአልጋ ቁጥር ይጻፍ። ጆሯቸው የሚከብድ፣ ሌሊት የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸውና በድንጋጤ ጊዜ ተደብቀው ሊገኙ የሚችሉ ለየብቻ ምልክት ይደረግባቸው። ይህ መዝገብ እንደተጠናቀቀ የአልጋ ድልድሉ ራሱ መከለስ ይኖርበታል፤ የማይነሱት ከመውጫው አጠገብ ባሉት የምድር ቤት ክፍሎች፣ የሚራመዱት ደግሞ ራቅ ባሉት ይተኙ። አንዳንድ አረጋውያን ለዓመታት የለመዱትን ክፍል መልቀቅ ስለሚከብዳቸው ውሳኔው በትእዛዝ ሳይሆን ምክንያቱን በማስረዳት ቢፈጸም መልካም ነው።

ከዕቃዎች ሁሉ በፊት ትኩረት የሚያስፈልገው የክፍል በር ይመስለኛል። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ጭሱ ሲሆን፣ የተዘጋ ጠንካራ የእንጨት በር ጭሱን ለብዙ ደቂቃዎች ሊያግደው ይችላል። በጥር ወር 1996 ዓ.ም. በስኮትላንድ ሮዝፓርክ በተባለ መጦሪያ ቤት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ በአንድ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከኤሌክትሪክ የተነሳ እሳት 14 አረጋውያንን የገደለው፣ ጭሱ በኮሪደሩ ተጉዞ በራቸው ክፍት ወደነበሩት ክፍሎች በመግባቱ ነበር። ተረኞቹም ደወሉ ሲጮኽ እሳቱ የት እንደሆነ ሲፈልጉ ቆይተው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የጠሩት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ ተንከባካቢዎች ሌሊት በሩን ከፍተው መጋረጃ ብቻ የሚጋርዱት በቅን ልቦና ነው፤ እማማ ቢጣሩ ድምፃቸው እንዲሰማ። ይህን ሥጋት ንቆ «በር ዝጉ» ማለት ብቻ አይሠራም። ለእያንዳንዱ አልጋ የእጅ ቃጭል ወይም በባትሪ የሚሠራ የጥሪ ደወል ይሰጥ፣ ተረኛዋም በየሰዓቱ እየዞረች ታዳምጥ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ሳይቆለፍ ተዘግቶ ማደር ይችላል። የእሳት ደወል ሲጮኽ የመጀመሪያው ተግባር ስልክ መደወል፣ ሁለተኛው በሮቹን እየዘጉ መሄድ መሆኑን እያንዳንዱ ተረኛ በቃሉ ይወቅ።

የማይነሳ ሰው ማውጣት ጉልበት ብቻ ሳይሆን ስልት ይፈልጋል። ሁለት ሴቶች አንድ ከባድ አዛውንት አንሥተው ኮሪደር ሙሉ መሸከም አይችሉም፤ መጎተት ግን ይችላሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በቁመቱ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ አንዷ ከብብት ሥር፣ ሌላዋ ከጉልበት ሥር ይዘው አረጋዊውን ዝቅ ያደርጓቸዋል፤ ትራሱ ከራስጌ ይቀመጣል፤ የብርድ ልብሱ ጎንና ጎን በደረታቸው ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያም አንዷ ራስጌውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጎንበስ እንዳለች ወደ ኋላ እየሄደች ትጎትታለች። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከወለሉ አጠገብ ያለው አየር የተሻለ ነው፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ለተጎታቹም ለጎታቿም ይበጃል። ደረጃ ወይም ከፍ ያለ ደፍ ካለ አስቀድሞ በሲሚንቶ ተዳፋት ይሠራለት። ልምምዱ በአረጋውያኑ ላይ ሳይሆን አንዷ ተንከባካቢ ተኝታ በሌሎቹ ይፈጸም፤ የሚራመዱት ግን በልምምዱ ይካፈሉ፤ «እማማ፣ ዛሬ አወጣጣችንን ልንለማመድ ነው፤ አይደንግጡ፣ ክንዴን ይያዙኝ» ተብለው። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ በሌሊቱ ተረኞች ቁጥር ብቻ መካሄድ አለበት። ከደወሉ እስከ መጨረሻው ሰው መውጫ ያለው ጊዜ በሰዓት ተለክቶ ይመዝገብ።

የብረት ፍርግርግ ሌባን ይከላከላል፤ ነገር ግን በእሳት ጊዜ መስኮቱን ከመውጫነት ያግደዋል። በየክፍሉ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ማንኛውም ብረት ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። የዋናው በርና የኋላው በር ቁልፍ በዘበኛው ኪስ ብቻ መሆን የለበትም፤ ትርፍ ቁልፍ ከተረኛዋ አንገት አይለይ። ኮሪደር ላይ ፍራሽ፣ የርዳታ ልብስ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር መደርደር በጥብቅ ይከልከል።

ወደ እሳቱ መነሻዎች ስንመጣ ወጥ ቤቱ ቀዳሚ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ከቤት ውጭ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ይቁም፤ መገጣጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አረፋው ከተንፈቀፈቀ ጋዝ ያፈስሳል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሽታው ሲሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ሲሊንደሩ ይዘጋል። የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው እሳቱን ወደ ጣሪያ ይልከዋል፤ ምድጃው ጠፍቶ መጥበሻው በክዳን ይታፈን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው በተዘረጋ ወፍራም ገመድና በራሱ ብሬከር ይሥራ እንጂ ከማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካ። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ከወደቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ፤ በትልቅ መቀየር ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንዲግል መፍቀድ ነው።

ከወጥ ቤት ውጭ ያሉት ከልማድ ጋር ስለሚያያዙ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዲት እናት በአልጋዋ ላይ ጧፍ አብርታ መጸለይን የዕድሜ ልክ ልማድ አድርጋው ሊሆን ይችላል፤ ይህን መከልከል ጭካኔ ነው። ጧፉ አሸዋ በተሞላ ሰፊ የብረት ዕቃ ላይ፣ ከመጋረጃና ከነጠላ ርቆ፣ ተንከባካቢ እስከ ፍጻሜው አጠገብ ባለበት ይብራ። ቡናም በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ፍሙ ክፍል ውስጥ እንዳያድር፣ አመዱም ውኃ ተጨምሮበት በብረት ባልዲ ይውጣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ለሙቀት ተብሎ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሰል እሳት ባያስነሳ እንኳ በማይታይና በማይሸት መርዛማ ጋዝ የተኙትን ይገድላል። መብራት ሲጠፋ በሻማ ፈንታ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይዘጋጅ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቫዝሊን ነው፤ በየቀኑ የሚቀባ ሰው ልብስና አንሶላ ቅባቱን እየመጠጠ ስለሚሄድ እሳት ሲነካው በፍጥነት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ልብሱ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፤ እጥበት ቅባቱን ጨርሶ ስለማያስለቅቀው ግን ሰውየው ከጧፍና ከሲጋራ ይራቅ። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ማንኛውም ነበልባል የተከለከለ ነው።

በየመኝታ ክፍሉና በኮሪደሩ በባትሪ የሚሠራ የጭስ ጠቋሚ ይሰቀል፤ በየወሩ ቁልፉን ተጭኖ መሞከር ያስፈልጋል። የአዳማ አቧራ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው በለስላሳ ብሩሽ መጥረግም አይዘንጋ። የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብና ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰቀል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ። ዕቃው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ የሚያገለግለው ገና ለጀመረ እሳት ብቻ ነው፤ እሱም መውጫ በር ከጀርባ ሆኖ።

የስልክ ቁጥሮችን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር ነው። የአዳማ መጦሪያ ቤት የከተማውን የእሳት አደጋ አገልግሎት ቁጥር ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ወስዶ፣ ከቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ጋር በትልቁ ጽፎ በስልኩ አጠገብ ይለጥፍ። የእሳት አደጋ መኪና በግቢው መንገድ መግባት መቻሉ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በአደጋ ጊዜ ደግሞ ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ይጠብቅ። ሮቶው ሁልጊዜ ሙሉ፣ ጎማውም እስከ ወጥ ቤቱ የሚደርስ ይሁን። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ የሠፈሩ ዕድር በዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ ተሸካሚ ወጣቶች፣ ድንኳንና ወንበር ያሉት እዚያ ነው። ሌሊቱን የሚያድሩበት አዳራሽ ከአቅራቢያው ትምህርት ቤት ወይም የእምነት ተቋም ጋር አሁኑኑ በጽሑፍ ይወሰን።

መሰብሰቢያ ቦታው ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ የአዳማ ነፋስ ኃይለኛ ነውና ጭሱ ወደ አንዱ ቢያደላ ሌላው ይተርፋል። ሁለቱም ከአጥርና ከግንብ የራቁ ከሆኑ ለመሬት መንቀጥቀጥም ያገለግላሉ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረው ንዝረት አዳማ ድረስ መሰማቱ የሚታወስ ነው። እዚያ እንደደረሱ ተረኛዋ ከመዝገቡ ስም እየጠራች ትቆጥራለች፤ የጎደለ ካለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የክፍሉን ቁጥር ትናገራለች እንጂ ተመልሳ አትገባም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ወደ አልጋቸው መመለስ ስለሚፈልጉ አንድ ሰው ከእነርሱ ሳይለይ እጃቸውን ይዞ ይቀመጥ። የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ ከየዕለቱ መድኃኒታቸውና ከዘመዶቻቸው ስልክ ጋር በዘበኛው ቤት ይቀመጥ፤ አንድ አረጋዊ በገባ፣ ባረፈ ወይም መራመድ ባቆመ ቁጥር በዚያው ቀን ይታረም።