የጋራው ፎልደር «አልከፈትም» ሲል

ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የቢሮ ኮምፒውተር እሠራለሁ። ከሁሉ አብዝቶ የሚደወልልኝ «ፎልደሩን ሼር አድርጎልኛል፣ እኔ ጋ ግን አይከፍትም» የሚለው ነው። ኢንተርኔቱንና ፓስወርዱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል። የማወራው በማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜል ሰርቨር (ኤክስቼንጅ ወይም ማይክሮሶፍት 365) ላይ ስላለ ኢሜልና ኢሜሉን ስለምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ስለ ክላሲኩ (የድሮው) አውትሉክ ነው። አዲሱ አውትሉክ ሜኑውን አዘዋውሮታል፤ የፈቃዱ ነገር ግን ያው ነው።

ምልክት፦ የባልደረባችሁ ስም በግራ በኩል ይታያል፤ ለመዘርጋት ስትጫኑት ፎልደሩን መክፈት አይቻልም ይላል።

ምክንያት፦ ባለቤቱ ኢንቦክሱ ላይ ፈቃድ ሰጥቷል። ከሁሉም በላይ ባለው፣ የራሱ ኢሜል አድራሻ በተጻፈበት መስመር ላይ ግን አልሰጠም። ጓዳውን ከፍቶ የግቢውን በር ቀርቅሮታል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ሥራው ያለው በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማየት ያቃተው ሰው ኮምፒውተር ላይ ምንም አትንኩ። ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ ኦፊስን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ የጫነበት ቤት ገብቼ አውቃለሁ፤ ግማሽ ቀንና የዚያች ምስኪን ሠራተኛ የኢንተርኔት ፓኬጅ በከንቱ አልቋል።

ባለቤቱ አውትሉኩን ይክፈትና ከላይ ባለው የኢሜል አድራሻው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ፎልደር ፐርሚሽንስ» ይበል። «አድ» ብሎ የባልደረባውን ስም ያስገባ፣ «ፎልደር ቪዚብል» የምትለውን ሳጥን ብቻ ምልክት ያድርግ፣ ኦኬ። ይህቺ ፈቃድ አንድም ደብዳቤ አታስነብብም፤ በሩን ብቻ ነው የምታሳየው። ቀጥሎ ኢንቦክሱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፐርሚሽንስ»፣ ያንኑ ስም አስገብቶ ማንበብ ብቻ ከሆነ «ሪቪወር»፣ ማዘዋወርና መሰረዝም ካለበት «ኤዲተር» ይስጠው።

«ዲፎልት» የሚለውን መስመር አትንኩ! አንድ ቢሮ ውስጥ ስም ፈልጎ ማስገባት የታከተው ሰው «ዲፎልት»ን ሪቪወር አደረገው። «ዲፎልት» ማለት በድርጅቱ ኢሜል ያለው ሁሉ ማለት ነው። የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ኢንቦክሱ ውስጥ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የማን ስንት እንደተጨመረ ጥበቃው ሁሉ ያውቀው ነበር። አሁንም እላለሁ፣ «ዲፎልት»ን አትንኩ።

ምልክት፦ ኢንቦክሱ ይከፈታል፤ ውስጡ ያሉት ንዑስ ፎልደሮች የሉም።

የእኔ እንጀራ ይሄኛው ነው። ለኢንቦክሱ የተሰጠ ፈቃድ ከዚያ በፊት ተፈጥረው ወደነበሩት ንዑስ ፎልደሮች አይወርድም። ከዚያ በኋላ የሚፈጠር አዲስ ፎልደር ነው የእናቱን ፈቃድ የሚወርሰው። ስለዚህ «የዛሬው ይታየኛል፣ የአምናው አይታየኝም» የሚል ሰው እየቀለደ አይደለም።

ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ የግዢ ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ ወጣ። «ኢንቦክሴን ሼር አድርጌያለሁ» ብሎ በሙሉ ልብ ወደ አገሩ ገባ። የዕቃው የጭነት ሰነድ የተቀመጠው ግን «ግዢ» በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ እዚያም «ጅቡቲ» በሚለው ውስጥ ነው። ኮንቴይነሩ ቆሞ የወደብ ኪራይ ይቆጥራል፤ ተተኪዋ ልጅ ባዶ ኢንቦክስ ይዛ ታለቅሳለች። ሰውየው ጋ ስንደውል ኔትወርክ እስኪገኝ አመሸን። ሲነሳ «አብሽሩ፣ ሼር አድርጌያለሁ እኮ!» አለ። አድርጓል፤ አልዋሸም። ላፕቶፑን ይዞ ስለነበር በስልክ እየመራሁት «ግዢ» ላይ «ፎልደር ቪዚብል»፣ «ጅቡቲ» ላይ ሪቪወር ሰጠ። ልጅቷ አውትሉኩን ዘግታ ስትከፍተው ሰነዱ ወጣ።

እስከምትፈልጉት ፎልደር ድረስ በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፎልደር ቢያንስ «ፎልደር ቪዚብል» ሊኖረው ይገባል። አንዱ ከተዘለለ የታችኛው አይደረስበትም። ሰባት ደረጃ ድረስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚከቱ ሰዎች፣ እባካችሁ።

እናንተ ጋ ቋሚ ሆኖ እንዲታይ «ፋይል»፣ «አካውንት ሴቲንግስ»፣ አካውንቱን ሁለቴ ተጭናችሁ «ሞር ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «አድ» ብላችሁ የባለቤቱን ስም ጻፉ።

ምልክት፦ ሁለት ሳምንት ያለፈው ደብዳቤ ከሁሉም ሰው ላይ ይጠፋል።

ይሄ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ከኮምፒውተሮቹ በአንዱ ላይ ኢሜሉ በፖፕ 3 (ደብዳቤን ከሰርቨሩ ወደ አንድ ኮምፒውተር በሚያወርድ መንገድ) ተሞልቷል። አውትሉክ በፖፕ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ ከ14 ቀን በኋላ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ እንዲያነሳ ሆኖ ነው የሚመጣው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቢሮ «ሌባ ገብቶብናል» ብለው ጠሩኝ፤ ሌባው ጥግ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ደብዳቤው ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ተገኘ። መጀመሪያ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው ያለበትን ፋይል ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፖፑን አጥፍታችሁ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ በሚተወው በአይማፕ ወይም በኤክስቼንጅ ሙሉት። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት የሚመለስ ደብዳቤ የለም።

ምልክት፦ ለአምስት ሰው አንድ ፓስወርድ ተሰጥቶ፣ አንድ ቀን ኢሜሉ የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል።

ኮዱ የሚሄደው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ወደለቀቀው ልጅ ስልክ ነው። አድሚኑ (የድርጅቱን ኢሜል የሚያስተዳድረው ሰው) የማረጋገጫ ስልኩን ይቀይርላችሁ፤ ካልሆነ ልጁን አፈላልጋችሁ ለምኑት። ከገባችሁ በኋላ አድሚኑ ሼርድ ሜልቦክስ (ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የጋራ ኢሜል ሳጥን) ይክፈትላችሁ። እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ለብቻው ላይሰንስ አይከፈልበትም፤ ሁሉም በየራሱ ፓስወርድ ይገባበታል።

ምልክት፦ ሼርድ ሜልቦክሱ ተከፍቶ ፈቃድም ተሰጥቶ አውትሉክ ላይ አይመጣም።

እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁና አውትሉኩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልመጣ አድሚኑ ፈቃዱን ለግሩፕ ሰጥቶ ይሆናል፤ በግሩፕ የተሰጠ በራሱ አይመጣም፣ በየስሙ ይስጥ።

ይከፈታል፣ ከዚያ ኢሜል መላክ አይቻልም ከሆነ «ሴንድ አዝ» የተባለው፣ በጋራው አድራሻ ስም መላክ የሚያስችለው ፈቃድ ለብቻው ይሰጣል። የተላከው ደብዳቤ በጋራው ሜልቦክስ «ሴንት አይተምስ» ውስጥ ካልታየ በላኪው በራሱ «ሴንት አይተምስ» ውስጥ ፈልጉት፤ አድሚኑ ኮፒ እንዲቀመጥ ማድረግ ይችላል። የፒኤስቲ ፋይል (አውትሉክ ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ኔትወርክ ላይ አስቀምጣችሁ ሦስት ሰው የምትከፍቱ ከሆነ ግን ማይክሮሶፍትም አይደግፈውም፣ እኔም አልመጣም።