ጥርስዎን ማን አጠበው? በሆላንድ የተጨማሪ ኢንሹራንስ ተመላሽን የሚያስቀሩ ስህተቶች

በሆላንድ 18 ዓመት የሞላው ሰው ጥርሱን ሲያስመረምርም ሆነ ሲያሳጥብ ወጪውን መሠረታዊው የጤና ኢንሹራንስ አይከፍልለትም። መሠረታዊው ለአዋቂ የሚደርሰው እንደ መንጋጋ ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ ባሉ ጥቂት ጉዳዮች ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በየወሩ አረቦን ጨምሮ የጥርስ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይገባል። ተጨማሪው ኢንሹራንስ ግን ይዘቱን ሕግ የደነገገው ሳይሆን ኩባንያውና ደንበኛው የተዋዋሉት ነገር ነው። ውሉ ጥርሱ መታጠቡን ብቻ ሳይሆን ማን እንዳጠበውም ይጠይቃል፤ ያጠበው ሰው በወረቀት ላይ ውሉ በሚለው መልክ ካልተገኘ፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ደረሰኙ ሳይከፈል ሊመለስ ይችላል። አስተርጉምልን ብለው ደብዳቤ ይዘውልኝ ከመጡ ወገኖች እንደተረዳሁት፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ሕክምናው ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት ሊጠየቁ ሲገባቸው ባልተጠየቁ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው።

«ተመዝግቧል» ሲባል አንድ መዝገብ ብቻ ያለ መምሰል

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አንድ ክሊኒክ «ባለሙያዎቻችን ሁሉ የተመዘገቡ ናቸው» ብሎ ሲጽፍ፣ በሆላንድ ይህ አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል።

አንደኛው የቢግ መዝገብ ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጥርስ ሐኪሞችና በሕግ የተዘረዘሩ ሌሎች ሙያተኞች የሚገቡበት የመንግሥት መዝገብ ሲሆን፣ በዚህ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ራሱን የጥርስ ሐኪም ብሎ መጥራት አይፈቀድለትም። መዝገቡ የሚመልሰው «ይህ ሰው ሙያውን እንዲሠራ መንግሥት ያውቀዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የአኼቤ ኮድ ነው። ቬክቲስ የተባለ ድርጅት የሚያስተዳድረው ይህ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ስለ ባለሙያው ችሎታ የሚሰጠው ምስክርነት የለም፤ ሥራው ሒሳቡን ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት ነው። ባለሙያው የራሱ ቁጥር አለው፤ የሚሠራበት ክሊኒክም የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢንሹራንስ ኩባንያው ኮምፒዩተር የሚያነበውም ሰውን ሳይሆን እነዚህን ቁጥሮች ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም ከጎደለ የክፍያ ጥያቄው ሰው እጅ ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች የጥራት መዝገብ፣ በአጭሩ ካኤርኤም የሚባለው ነው። ግዴታ ስላልሆነ ባለሙያው ወዶ የሚገባበት ሲሆን፣ በሥራው ላይ መሆኑንና ትምህርቱን እያደሰ መሄዱን ያሳይበታል። በዚህ መዝገብ ላይ አለመኖር ብቻውን ባለሙያውን ሕገ ወጥ አያደርገውም፤ ነገር ግን የእርስዎ ውል እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚጠይቅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህንን የሚወስነው የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ሳይሆን የውሉ ሰነድ ነው። ስለዚህ «ተመዝግበዋል ወይ?» ከማለት ይልቅ «በየትኛው መዝገብ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሦስቱም መዝገቦች በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆኑ በስልክ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

በቢግ መዝገብ ላይ ስሙ ካልተገኘ «አጭበርባሪ ነው» ብሎ መደምደም

አንድ ወዳጄ ጥርሱን ስታጥብለት የነበረችውን ባለሙያ ስም በቢግ መዝገብ ፈልጎ በማጣቱ ቀጠሮውን ሰርዞ ነበር። ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ቢሆንም የፈለገው ግን በማይገኝበት ቦታ ነው። በሆላንድ የጥርስ ንጽህና ባለሙያነት፣ ሆላንዳውያን ሞንድሂኺኒስት የሚሉት ሙያ፣ በቢግ ሕግ አንቀጽ 34 ሥር የሚወድቅ ነው። ይህ ማለት የሙያ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የሚጠራበትም የተወሰነውን ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው ብቻ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጥርስ ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ መስፈር አይጠበቅበትም። ትምህርቱ አሁን የአራት ዓመት የባችለር ዲግሪ ሲሆን በአምስተርዳም፣ በኡትሬክት፣ በናይሜኸንና በኽሮኒንገን ባሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ብዙዎቹ የኢንሹራንስ ውሎችም በትርጓሜ ክፍላቸው «ሞንድሂኺኒስት» የሚሉት ይህንን ሙያ የሚመለከተውን ደንብ የሚያሟላ ሰው ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለአምስት ዓመት እንዲቆይ የታቀደው ሙከራ ነው። በሙከራው መስፈርቱን የሚያሟሉ ባለሙያዎች «የተመዘገበ ሞንድሂኺኒስት» በሚል ስም በቢግ መዝገብ ላይ በጊዜያዊነት እንዲሰፍሩና ያለ ጥርስ ሐኪም ትእዛዝ ማደንዘዣ እንዲወጉ፣ ራጅ እንዲያነሡና ትንንሽ የጥርስ ብስባሽ እንዲሞሉ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ያለ መሰለ፤ «የተመዘገበው ደህና፣ ያልተመዘገበው ተራ» የሚል ወሬም ተነዛ። ጥርስ ለማጠብና ድድ ለማጽዳት ግን ያ ምዝገባ አላስፈለገም፤ የተለየው ለእነዚያ ሦስት ሥራዎች ነው። በሙከራው ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ ሲያነቡ ቀኑን ሳያዩ አያምኑት።

ከ2006 ጀምሮ ወደ ጥርስ ንጽህና ባለሙያ ለመሄድ የጥርስ ሐኪም ደብዳቤ በሕግ እንደማያስፈልግም ማስታወስ ያሻል። ሕጉ አያስፈልግም ማለቱ ግን ውሉም አያስፈልግም ብሏል ማለት አይደለም።

ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሁሉ አንድ ማድረግ

በብዙ ክሊኒኮች ጥርስ የምታጥበው ሞንድሂኺኒስት ሳትሆን ፕሬቬንሲ አሲስተንት የምትባል ረዳት ናት። ረዳቷ የምትሠራው በጥርስ ሐኪሙ ትእዛዝና ኃላፊነት ሥር ሲሆን ሒሳቡም በሐኪሙ ወይም በክሊኒኩ ስም ይወጣል። ይህ ነውር የለበትም፤ ለመደበኛ እጥበት በቂ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። ችግር የሚመጣው ውልዎ «በሞንድሂኺኒስት ለተሰጠ አገልግሎት» የተለየ መጠን መድቦ ሳለ እርስዎ በረዳቷ ከታጠቡ፣ ወይም ለድድ በሽታ የተለየ ሕክምና ፈልገው ቀጠሮው የተያዘው ከረዳቷ ጋር ከሆነ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ «ማን ነው የሚያየኝ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም።

ደረሰኙን ከታች ጀምሮ ማንበብ

ብዙዎቻችን ደረሰኝ ሲመጣ ዓይናችን የሚያርፈው ድምሩ ላይ ነው፤ ተመላሹን የሚወስነው ግን ከድምሩ በላይ የተጻፈው ነው። የሆላንድ የጤና አገልግሎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ የጥርስ ሥራ ኮድና ከፍተኛ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋው የጥርስ ሐኪምም ሆነ ሞንድሂኺኒስት ቢሠራው ያው ነው። ጥርስ የማጠቡ ሥራ ኤም 03 በሚለው ኮድ ሲጻፍ የሚቆጠረውም በአምስት አምስት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ከታጠቡ ደረሰኙ ላይ ስድስት ጊዜ ሊታይ ይገባል። መደበኛው ምርመራ ሴ 002 ሲሆን፣ ለድድ በሽታ የሚሰጠው ሕክምና በቴ ፊደል የሚጀምሩ ኮዶች አሉት። አንዳንድ ውሎች የኤም ኮዶችን በሙሉ ሲከፍሉ ለቴ ኮዶች ግማሹን ወይም ሦስት አራተኛውን ብቻ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ሕክምናው አንድ ወንበር ላይ በአንድ ቀን የተሰጠ ቢሆንም።

ከኮዶቹ ጎን የባለሙያውና የክሊኒኩ ቁጥሮች መኖራቸውን ይመልከቱ። በተለይ ተቀጣሪ ሳይሆኑ ለራሳቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ሰኞ በአንዱ ክሊኒክ፣ ሐሙስ በሌላው ስለሚሠሩ፣ ቁጥራቸው በሕክምናው ቀን ከዚያ ክሊኒክ ጋር ካልተያያዘ ጥያቄው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ከኢንሹራንሱ ጋር መሟገት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስተካክለው ክሊኒኩ ስለሆነ የተስተካከለ ደረሰኝ ከዚያ ይጠይቁ። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሒሳቡን የመክፈል ዕዳ የእርስዎ መሆኑን ግን አይርሱ፤ የማስታወሻ ደብዳቤውና ተጨማሪው ወጪ የሚመጣው በእርስዎ ስም ነው።

ሒሳቡ ላይ ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። በመሠረታዊው ኢንሹራንስ ላይ ያለው የ385 ዩሮ አይኸን ሪሲኮ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ደንበኛው በዓመት ከኪሱ የሚሸፍነው መጠን፣ ተጨማሪውን ስለማይነካ «መጀመሪያ 385 ካልከፈልኩ አይመለስልኝም» ብሎ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የራስን ገንዘብ መተው ነው። ለምሳሌ ውልዎ 75 በመቶ፣ በዓመት እስከ 250 ዩሮ የሚከፍል ቢሆን፣ ከ120 ዩሮ ሒሳብ ላይ 90 ዩሮ ይመለስልዎታል፤ ለዓመቱም 160 ይቀርዎታል። በየትኛው ዓመት እንደሚቆጠር የሚወስነው ደግሞ ደረሰኙ የወጣበት ሳይሆን የታከሙበት ቀን ነው።

የውጭ ዲፕሎማና የአዲስ አበባ ደረሰኝ

ከአገር ቤት በሙያው ተምሮ የመጣ፣ እጁም የተመሰከረለት ሰው በመካከላችን አለ። ሆኖም በውጭ አገር የጥርስ ሐኪምነት የተማረ ሰው በሆላንድ በቢግ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር፣ የጥርስ ንጽህና የተማረውም ከጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ በዚያ የሙያ ስም መሥራት አይችልም። እንዲህ ካለው ሰው ጋር በዝምድና የሚደረግ እጥበት ኢንሹራንሱ ዘንድ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ድድ ቢደማና ቢመረቅዝ ደግሞ ተጠያቂ አይገኝም።

ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄዶ ጥርስ ማሳጠብ ሌላ ጉዳይ ነው። በውጭ አገር ለተሰጠ የጥርስ አገልግሎት የሚከፍሉ ውሎች አሉ፤ የሚጠይቁትም ባለሙያው በዚያው አገር ሕግ የተፈቀደለት መሆኑንና ዝርዝር ደረሰኝ መኖሩን ነው። «የጥርስ ሕክምና» ተብሎ በእጅ የተጻፈና ጠቅላላ ድምር ብቻ የሰፈረበት ወረቀት አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ፣ የባለሙያው ስምና የሥራ ፈቃድ ቁጥር፣ የክሊኒኩ አድራሻና ማኅተም፣ የተከፈለበት ማስረጃ እዚያው ሳሉ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተውሉ። «ጥር 12 ቀን 2017» የሚል ደረሰኝ ሆላንድ ላለ ሠራተኛ የስምንት ዓመት የቆየ ሕክምና ሆኖ ይታየዋል፤ እውነተኛው ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 መሆኑን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

ለልጆች ሁለት ጊዜ መክፈል

ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ምርመራውንና እጥበቱን የሚከፍለው መሠረታዊው ኢንሹራንስ ነው፤ አይኸን ሪሲኮም የለባቸውም። ለልጅ ብሎ ተጨማሪ ከመግዛት በፊት፣ መሠረታዊው የማይሸፍነው እንደ ጥርስ ማስተካከያ ብረት ያለ ነገር ያስፈልጋል ወይ ብሎ ማሰብ ይገባል።

በዓመቱ መጨረሻ ተቻኩሎ መቀየር

አሮጌውን ኢንሹራንስ ማቋረጥ የሚቻለው እስከ ዲሴምበር 31 ሲሆን፣ አዲስ ለመግባት ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 31 ጊዜ አለ። መሠረታዊውን ማንም ኩባንያ ሊከለክልዎ አይችልም፤ ተጨማሪውን ግን ሊከለክል፣ ስለ ጥርስዎ ሁኔታ ሊጠይቅ ወይም የመጠበቂያ ጊዜ ሊያደርግ መብት አለው። ተጨማሪውን ከመሠረታዊው ኩባንያ መግዛትም ግዴታ ስላልሆነ የጥርሱን ውል ባለበት ትቶ መሠረታዊውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ዋጋው ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የሚቀይሩት ጥርሱን ከሆነ የአዲሱን ውል የትርጓሜ ክፍል ያንብቡ፤ የሚያውቅዎ ሞንድሂኺኒስት በዚያ ትርጉም ውስጥ መግባቱን በስሙና በአኼቤ ቁጥሩ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱም ተቀባይነት ማግኘትዎም በእጅዎ እስኪገባ ድረስ አሮጌውን አያቋርጡ።