የቴክኖሎጂ ቡድን የሚመራ ሰው ሌሊቱን ተኝቶ፣ ቀኑን ሰክኖ እንዲመራ እንዴት ይደረጋል?

አዲስ አበባ ተቀምጦ የአሜሪካ ደንበኞችን የሚያገለግል የሶፍትዌር ቡድን ለሚመራ ሰው የደንበኛው ቀን የእሱ ሌሊት ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚጮህ ስልክ እያለ ጠዋት 10 ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ድካሙን አያነሳም። የተመስጦ አፕ ከመጫንዎ በፊት ስልኩን ያስተካክሉ።

1. ማን፣ በምን ጉዳይ እንደሚቀሰቀስ ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ክፍያ ከቆመ፣ ዳታ ከጠፋ ወይም ሰርጎ ገብ ከተገኘ ሰው ይቀሰቀሳል። ሲስተሙ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ከሠራ የዚያ ሌሊት ተረኛ ኢንጂነር ያየዋል፣ እርስዎ ጠዋት ይሰማሉ። የቀረው ሁሉ ለነገ ይደር። ችግር ሲኖር ሲስተሙ የሚልከው ማንቂያ መጀመሪያ ለተረኛው ይሂድ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ለተጠባባቂው። እርስዎ ሦስተኛ ነዎት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተራ ያወጣሉ፣ ሥልጣን ግን አይሰጡም። ተረኛው አዲሱን ሥሪት አንስቶ የቀድሞውን ለመመለስ፣ ሰርቨር ለመጨመር ወይም ለደንበኛው ችግሩን ለማሳወቅ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ መደወሉ አይቀርም። እነዚህን ያለ እርስዎ ፈቃድ ማድረግ እንደሚችል በጽሑፍ ይስጡት፤ ውሳኔው ስህተት ሆኖ ቢገኝም በማግስቱ ሰው ፊት አይውቀሱት። አንድ ጊዜ የተወቀሰ ተረኛ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር ይደውላል።

ቀጥሎ ስልኩን «አትረብሽ» ላይ አድርገው ለተረኛውና ለተጠባባቂው ቁጥር ብቻ ይክፈቱ። ሁለቱም የሚደውሉት በመደበኛ ስልክ ይሁን። የቴሌግራም ጥሪ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይገባም፤ በ«አትረብሽ» ጊዜም በስም የፈቀዱት ሰው ጥሪ ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። ተደጋጋሚ ጥሪ የሚያሳልፈውን ምርጫም ያብሩ፤ አይፎን ላይ ያው ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሲደውል ይጮኻል። ቀን ላይ አስደውለው ይሞክሩት፤ ሳይሞከር አይተኛም።

ለሽንት ሲነሱ የቡድኑን ግሩፕ አይክፈቱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ምን ተፈጠረ?» ብለው ከጻፉ ኢንጂነሮቹ ጥገናውን ትተው ለአለቃ ማስረዳት ይጀምራሉ።

በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሰው የቀሰቀሱትን ማንቂያዎች ከቡድኑ ጋር ይዩ። ማንም ምንም ሳያደርግ በራሱ የተስተካከለ ነገር ማንቂያው ይጥፋ ወይም ይለወጥ። የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ለ1 ደቂቃ 90 በመቶ ስለደረሰ ሰው አይቀሰቀስም። የሚሻለው ደንበኛው የሚያየውን መለካት ነው፦ ለሲስተሙ ከላከው ጥያቄ ስንቱ ከሸፈ፣ ለስንት ደቂቃ።

2. የስብሰባ ሰዓትና ቡና

ከካሊፎርኒያ ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ነው። የእነሱ ጠዋት 2 ሰዓት የእኛ ምሽት 12 ወይም 1 ሰዓት ስለሚሆን ስብሰባውን እዚያ ያስይዙ። እነሱ ሰዓታቸውን በመጋቢትና በኅዳር መግቢያ አካባቢ ስለሚቀይሩ ቀጠሮውን ያን ጊዜ ይከልሱ። ስብሰባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በማግስቱ ዘግይተው ይግቡ፤ ቡድኑም እንዲሁ ያድርግ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው አቦሉን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ከሰዓት በኋላ ቡና ከተፈላ ከሰው ጋር ይቀመጡ፣ ፈንዲሻውን ይብሉ፣ ስኒውን ይለፉት።

3. ከመመለስዎ በፊት ይተንፍሱ

ሲስተም ወድቆ ሲጠሩ ከመናገርዎ በፊት በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ 10 ጊዜ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይረግባል። ራስዎን ካዞረዎት አብዝተው እየሳቡ ነውና ቀለል ያድርጉት።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ደንበኛው ምን እያየ ነው? ጥገናውን የሚመራው ማን ነው? ቀጣዩን መረጃ በስንት ሰዓት እንሰማለን? መልሱን ሰምተው ዝም ይበሉ። «ማን ነው ይህን ኮድ ያስገባው?» የሚለውን እሳቱ ላይ አያንሱ፤ ኢንጂነሮች የሚያውቁትን መደበቅ የሚጀምሩት በዚህ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ በማግስቱ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ይመረመራል።

4. ፈቃድ ሲወጡ ተወካይዎን በስም ያሳውቁ፣ የሥራ ኢሜይሉን ከስልክዎ ላይ ያጥፉ።

5. ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ መሰላቸትን (በርንአውት) ከሥራ ጫና ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግብ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ሦስቱ ከተገናኙ ሥራውን ይቀንሱ፣ ለቦርዱ ወይም ለባልደረባዎ ይንገሩ። የከፋ ስሜት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ወዲያውኑ፣ ሰው አብሮዎት ሆኖ።