የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደር ደብዳቤዎችን ለማንበብ

ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. የዘመተ በጎ ፈቃደኛ እግረኛ ወታደር ለቤተሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎች እጅዎ ከገቡ፣ አስቀድመው እጅዎን ታጥበውና አድርቀው ወረቀቱን በዝግታ ይዘርጉ፤ የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ። ፖስታውንም አይጣሉ፤ የኅብረቱ (የሰሜኑ ወገን) ወታደሮች ያለ ቴምብር መላክ ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ክፍያውም ከተቀባዩ ይሰበሰብ ስለነበር፣ በላዩ ላይ የሬጅመንቱ (ወታደሩ ያገለገለበት የጦር ክፍል) ስም ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ይህንን ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከተያዘው የአገልግሎት መዝገብ ጋር ያመሳክሩ።

ወታደሮቹ ወረቀት ሲያጥራቸው ገጹን አዙረው በቀድሞው ጽሑፍ ላይ አቋርጠው ይጽፉ ስለነበር፣ አንዱን አቅጣጫ ጨርሰው ሌላውን ይጀምሩ። ብዙዎቹ ቃላትን እንደሚሰሙት ይጽፉ ነበርና ሲገለብጡ ግድፈቱን አያርሙ፤ በእኔ እምነት የሰውየው አንደበት ከሁሉ በላይ የሚሰማው በዚያ ነው። ስለ ውጊያው ከተጻፈው ይልቅ ስለ ደመወዝ መዘግየት፣ ስለ ተቅማጥና ስለ እርሻው የተጻፈውን በትዕግሥት ያንብቡ፤ በዚያ ጦርነት ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደር ገድሏል።