ፒላቲስ ያለማሽን፣ ሳሎን ውስጥ እንዴት ይጀመራል

ቲክቶክ ላይ ያንን ስፕሪንግ ያለው ተንሸራታች አልጋ አይታችሁ "ይሄማ ደሴ የት ይገኛል" ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ተመለሱ፣ ማሽኑ ግዴታ አይደለም። ፒላቲስ ሚባለውን ስፖርት የፈጠረው ሰውዬ ጆሴፍ ፒላቲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን የተወለደና በልጅነቱ አስም ያሰቃየው የነበረ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ነበርና ጀርመናዊ ነው ተብሎ ካምፕ ታሰረ፣ እዛ ሆኖ ነው ከእስረኞቹ ጋር መሬት ላይ ሚሰራውን ያዳበረው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያሉት 34 እንቅስቃሴዎችም ሁሉም ያለማሽን ሚሰሩ ናቸው። ስፖርቱን እሱ ራሱ ኮንትሮሎጂ ነበር ሚለው፣ መቆጣጠር ለማለት ነው፣ ማለትም ላብ በላብ መሆን ሳይሆን እያንዳንዷን ነገር ከሆድና ከወገብ ጡንቻ ተቆጣጥሮ ቀስ ብሎ መስራት።

የደሴ ሴራሚክ ጠዋት በረዶ ነው፣ ስለዚ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። ፍራሽ ላይ አትሞክሩት፣ ወገብ ይሰምጥና የቱ ጡንቻ እየሰራ እንደሆነ አይታወቃችሁም።

መጀመሪያ ትንፋሽ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት። ነጠላ ከጡት በታች ጎድናችሁ ዙሪያ ጠቅልሉና ጫፍና ጫፉን ፊት ለፊት አጣምራችሁ ያዙ። በአፍንጫ ስትስቡ ነጠላው በጎንና በጀርባ በኩል ሲወጠር ከተሰማችሁ ትከሻችሁም ወደ ላይ ካልወጣ ልክ ናችሁ። በአፍ ስታወጡ ጎድን ይሰበሰባል፣ እምብርታችሁን ያኔ ወደ ውስጥ ሳብ አርጉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ ጥቂት ቀን ይስጠው።

ከዛ ድልድይ። በጀርባ ተኙ፣ ጉልበት ታጥፎ እግር መሬት ላይ። እያስወጣችሁ መጀመሪያ ወገባችሁን ብርድ ልብሱ ላይ ለጥፉ፣ ከዛ ቂጥ ይነሳ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ እየተነሳ ይሂድ፣ ስትወርዱ ደሞ ከላይኛው ጀርባ ጀምራችሁ በተቃራኒው። የሆነች ቦታ ላይ ሦስት አራቱ አጥንት ተያይዞ ዱብ ይላል፣ የኔ ልክ ቀበቶ ሚታሰርበት ጋ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል። እዛች ጋ ስትደርሱ ይበልጥ ቀስ በሉ፣ ጥቅሙ ያለው እዛ ነው። 6 ጊዜ ይበቃል፣ 30 ጊዜ እየተጣደፉ መስራት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ሃንድረድ ሚባለው ነው። ተኝታችሁ ጉልበታችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ አንሱ፣ ጭንቅላትና ትከሻ ከመሬት ይነሳ፣ እጆች ከጎን ቀጥ ብለው ትንሽ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች፣ 5 ምት ስትስቡ 5 ምት ስታስወጡ፣ 10 ዙር ሲሆን 100። ለጀማሪ 3 ዙር በቂ ነው። አንገት ካመማችሁ ጭንቅላታችሁን አሳርፉ፣ ሆዳችሁ ወደ ላይ ከተቆለለ እግራችሁን መሬት መልሱ።

እርጉዝ፣ የዲስክ ችግር ያለበት ወይም ቅርብ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ሌላው በሳምንት 3 ቀን 15 ደቂቃ ይጀምር። ሃንድረዱን ጉልበት ታጥፎ 10ሩንም ዙር አንገታችሁ ሳይወጠር ስትጨርሱ ያኔ እግራችሁን ቀጥ አርጋችሁ ሞክሩት።