የከርነል ሰነድ ስታርሙ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የድርሻውን ማበርከት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሰነዱ ነው። ሶርስ ኮዱ ውስጥ «ዶክዩመንቴሽን» የሚባል ትልቅ ፎልደር አለ። የፊደል ግድፈት፣ የማይሠራ ሊንክ፣ ቦታው የተቀየረ ፋይል አይጠፋበትም። ጥሩ በር ነው። ግን አንዲት ፊደል የምታስተካክል ፓች (የለውጥ ፋይል) ብትሆንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነባታል፣ ይመረምራታል። የዚያ ሰው ጊዜ ያሳስበኛል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ንጹህ የሚመስል ግን የተሳሳተ ሰነድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አሮጌ ቅጂ ላይ ማረም ነው። ከርነሉ በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ወራት ያለፉት ሊሆን ይችላል፤ ግድፈቱንም ሌላ ሰው ቀድሞ አርሞት ይሆናል። የሰነድ እርማቶች የሚጠራቀሙበት የራሱ የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ማከማቻ አለ። ለብዙ ዓመታት ሲመራው የቆየው ጆናታን ኮርቤት ነው። «ዶክስ ኔክስት» የሚባለውን ብራንች (የማከማቻውን ቅርንጫፍ) አውርዱና ስህተቱ አሁንም መኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ከሁሉም ይብሳል፦ ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት። ሰነዱን «ሜክ ኤችቲኤምኤልዶክስ» በሚለው ትዕዛዝ ስታዘጋጁ ስፊንክስ (ሰነዱን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይረው ፕሮግራም) ማስጠንቀቂያ ያወርድባችኋል። ብዙው የሚመጣው ሲ ኮዱ ውስጥ ከፈንክሽኖች በላይ ከተጻፉት ማብራሪያዎች ነው። ለምሳሌ አንድ ፈንክሽን ላይ «ፍላግስ» የሚባል ፓራሜትር (ፈንክሽኑ የሚቀበለው ግብዓት) ተጨምሯል እንበል፤ ማብራሪያው ግን አልተነካም። አቋራጩ «ፍላግስ፦ ፍላጎቹ» የሚል መስመር ጨምሮ መገላገል ነው። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ አንባቢው ግን ምንም አላወቀም። ጉድለቱን የሚያሳብቀው ምልክትም አብሮ ስለጠፋ ማንም ተመልሶ አያየውም። እንዲህ ከሚሆን ማስጠንቀቂያው እንዳለ ቢተው ይሻል ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ኮዱን ማንበብ ነው። የሚፈቀዱት ፍላጎች የትኞቹ ናቸው? ዜሮ ቢሰጠው ምን ያደርጋል? «ጊት ብሌም» ፓራሜትሩን የጨመረውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ያሳያችኋል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ለአንድ መስመር ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ። ከርነሉን የምትማሩትም በዚህ ነው።

ስም ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። የሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ)፣ የኮንስታንት ወይም የሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ስለ መሣሪያዎች መረጃ የሚያሳይበት የፋይል ሥርዓት) ፋይል ስም ፊደሉ የጎደለ ቢመስልም ሰነዱ መጻፍ ያለበት ኮዱ ውስጥ እንዳለው ነው። ፋይል የሚፈጥረው «ክሪኤት» የተባለው ሲስተም ኮል ከጥንቱ ዩኒክስ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ የመጨረሻዋ «ኢ» የለችውም። ፕሮግራሞች የሚጠሩት በዚያ ስም ነው። ሰነዱ ላይ ብታሟሉለት አንባቢውን ወደሌለ ነገር ትመሩታላችሁ።

በስክሪፕት መጥረግም ያው ነው። ተደጋግመው የተጻፉ ቃላትን ፈልጎ የሚያወጣ ስክሪፕት መጻፍ ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ግን «ሃድ ሃድ» ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። «ዘ» ሁለቴ ሲጻፍም አንዳንዴ የመጀመሪያው «ዜን» ለማለት የታሰበ ነው። አንዱን መሰረዝ ዓረፍተ ነገሩን ሰባራ ያደርገዋል። እያንዳንዱን በዓይናችሁ እዩ። የብሪታንያን አጻጻፍ ወደ አሜሪካ መለወጥ ደግሞ እርማት አይደለም፤ ተዉት።

አርዕስት ስታርሙ ከሥሩ ያለውን መስመር አትርሱ። ያ የምልክት ድርድር ከአርዕስቱ ካጠረ ስፊንክስ ያጉረመርማል። አንድ ፊደል ጨምራችሁ አዲስ ማስጠንቀቂያ ትፈጥራላችሁ ማለት ነው። ከመላካችሁ በፊት ሰነዱን እንደገና አዘጋጅታችሁ ገጹን በብራውዘር እዩት።

ድጋፉ ከከርነሉ የተወገደ ሃርድዌር የሚያብራራ ገጽ ካገኛችሁ የፊደል ግድፈቱን አትልቀሙ። ኮዱ በእርግጥ መውጣቱን አረጋግጡና ገጹ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቅርቡ። ያረጀ ገጽ ሲታረም ሰው ዛሬም የሚሠራ ይመስለዋል።

አላላኩ ላይ፦ ፓች የሚላከው በተራ ጽሑፍ ኢሜይል ነው። የጂሜይል ድረ ገጽ ታቡን ወደ ስፔስ ስለሚቀይር ፓቹ አይገጥምም፤ «ጊት ሴንድ ኢሜይል» ተጠቀሙ። ለማን እንደሚላክ «ጌት ሜንቴይነር» የሚባለው ስክሪፕት ይነግራችኋል። «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚለውን የፊርማ መስመር አትዝለሉ። ከ2004 ጀምሮ የሚጠየቅ ነው፤ ሥራውን የመስጠት መብት አለኝ ማለታችሁ ነው።

መልስ ከዘገየ በማግስቱ ደግማችሁ አትላኩ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ የመርጅ ዊንዶው (ለአዲሱ ቨርዥን ለውጦች የሚሰበሰቡበት) ሁለት ሳምንት ከሆነ ከዚያም በላይ። አስተካክሉ ከተባላችሁ ሁለተኛውን ቨርዥን ላኩ፤ ከመጀመሪያው ምን እንደቀየራችሁ የምትጽፉት ፓቹ ውስጥ ከመልእክቱ በኋላ ካሉት ሦስት ሰረዞች በታች ነው። ከላይ የጻፋችሁት ሁሉ የከርነሉ ታሪክ ውስጥ ይገባል።